የባምላኩ ፊትና የአባቱ አፈሙዝ

በጅጋ ዙሪያ አባቱን እንደ ባምላኩ የሚንከባከብ ልጅ አልነበረም። ይህን የሚሉት ጎረቤቶቹ ብቻ አይደሉም። የደብሩ ካህናት በስብከት መሃል ስሙን ያነሡታል፤ እናቶች ልጃቸውን ሲቆጡ ያነሡታል፤ ገበያ ላይ ስለ ዘመኑ ልጆች የሚያማርሩ ሽማግሌዎችም «አንድ ባምላኩ አለ እንጂ» ብለው ይጽናናሉ። «ምናለ እንደ ባምላኩ ብትሆን!» የተባለ ጎረምሳ ሁሉ ባምላኩን ጠምዶ ይዞታል።

አባቱን ዘሩን ካሳላቸው ባምላኩ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ትቶ ይሮጣል። ራሴን አመመኝ ካሉ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያደርሳቸዋል። ሐኪሙ መርምሮ «አባት ጤነኛ ናቸው፤ እንዲያውም አንተ ትንሽ ገርጥተሃል» ብሎ ሲመልሳቸው፣ ያ ሳይበቃው ግሽ ዓባይ ወስዶ ጠበል ያስጠምቃቸዋል። ጠዋት ማር፣ ማታ ቅቤ የገባበት አጥሚት ያቀርብላቸዋል። ሽማግሌው ሰማንያን ካለፉ በኋላ ጉንጫቸው ሞላ፣ ድምፃቸው ተመለሰ፣ ከዘራቸውንም ለመደገፍ ሳይሆን ለመማታት ብቻ ይይዙት ጀመር።

አገሩ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ባምላኩ አባቱ እንዳይሞቱ ይህን ያህል የሚጨነቀው ከፍቅር የተነሣ አልነበረም። ቢያንስ እሱ ራሱ እንደዚያ ያምን ነበር። የሚፈራው ጠመንጃውን ነው።

ጠመንጃው በዘሩ መኝታ ራስጌ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባሩድና እርሳስ በአፉ የሚጎርስ፣ ጎርሶም በዘንግ የሚጠቀጠቅ የጥንት መሣሪያ ነው። አንዴ ከተኮሱበት ሁለተኛውን እስኪያጎርሱ ድረስ ጠላትን መለመን ስለሚያስፈልግ «ቆመህ ጠብቀኝ» ይሉታል። በእነ ዘሩ ቤት ወግ አባወራ የሞተ እንደሆነ፣ አስከሬኑ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የበኩር ልጁ በዚያ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ከዚያ ውጭ አይነካም። ሠርግ ቢሆን፣ ጥምቀት ቢሆን፣ ጅብ በረት ቢገባ እንኳ ቆመህ ጠብቀኝ አይተኮስም። ድምፁም የሌላ ጠመንጃ አይደለም፤ ጎርናና ነው፣ ይጎትታል። በዚያ አካባቢ ያን ድምፅ የሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል።

ለመጨረሻ ጊዜ የተተኮሰው የዘሩ ታላቅ ወንድም ያረፉ ዕለት ነው። የተኮሰው የሟቹ በኩር፣ የባምላኩ አጎት ልጅ ተስፋው ነበር። አፈሙዙ ከመሃሉ ተሰነጠቀና እሳቱ በፊት በኩል መውጣቱን ትቶ በጎን ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተስፋው ግራ ቅንድብ የለውም፤ የግራ ጆሮውም ግማሽ ነው። ዓይኑ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፏል፤ ግን ያለማቋረጥ የሚጠቅስ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ የተነሣ ገበያ ላይ ከስንት ባለትዳር ጋር ተደባድቧል።

የሚገርመው፣ ስለ አፈሙዙ ክፉ ነገር ቢነገር መጀመሪያ የሚቆጣው ተስፋው ነው። «አፈሙዙ ምን አደረገኝ? ፊቴን ያቀረብኩት እኔ!» ይላል። ስንጥቁን በሽቦ ጠምጥሞ ያሰረው እሱ ነው፤ ሽቦውንም በየዓመቱ ቅቤ ይቀባዋል። «ደግሞ እወቁ፣» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ «ይኸ ጠመንጃ በከንቱ አይጮህም። ከጮኸ ከቤታችን አንድ ሰው ይሄዳል።»

ባምላኩ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ መልከ መልካም ነው፤ ሁለቱም ቅንድቦቹ ሙሉ ናቸው። ተስፋውን ባየ ቁጥር እጁ ወደ ፊቱ ይሄዳል። «ፈራሁ» ማለት ደግሞ አይቻልም። ለአባቱ ተኩስ የፈራ ሰው በዚያ አገር የት ይገባል? የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ አባቱ እንዳይሞቱ ማድረግ። ሚስቱ አምለሰት ነገሩ ገብቷታል። አንድ ቀን የማሩን ቅል ስታቀብለው «አንተ፣ ይኸ ሁሉ ላባትህ ነው ለቅንድብህ?» አለችው። ቅሉን ተቀብሎ ሄደ።

እንዲህ ተመችቷቸው የከረሙት ዘሩ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የደብሩን የቅኔ መምህር መሪጌታ ክንፈሚካኤልን ይዘው መጡ። ተቀመጡና ተናገሩ።

«ልጄ ባምላኩ፣ እግዜር ይስጥህ፣ እንዳንተ ያለ ልጅ ማንም አልወለደ። እንግዲህ ቁም ተዝካር ላወጣ ነው።»

ቁም ተዝካር ማለት ሰው በቁሙ፣ ነፍሱ ሳይወጣ፣ የራሱን ተዝካር ደግሶ ማብላት ነው። ጥንትም የነበረ ነው፤ ባምላኩ ደስ አለው። አባቱ ግን አልጨረሱም።

«ተዝካሬን በልቼ፣ ተኩሴንም ሰምቼ ልሙት። ቆመህ ጠብቀኝን ያን ቀን ትተኩስልኛለህ።»

ባምላኩ የያዘው ዋንጫ ከእጁ ወደቀ። «አባ፣ ተኩሱ እንኳ… ለዚያኛው ቀን ቢቆይስ?»

«ለዚያኛው ቀን ጆሮ የለኝማ! በሙት ጆሮዬ ልሰማው ነው? እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ሲተኮስ ሰምቻለሁ፤ የኔን ብቻ ሳልሰማ ልቅር?»

ባምላኩ ያን ያህል ዓመት ያበላው ማር ገደል ገባ። እንዲያውም ማሩ ባይኖር አባቱ ድግስ ለመደገስ አቅሙን ከየት ያመጡ ነበር? መሪጌታን እስከ በር ሸኛቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔታ፣ አፈሙዙ አርጅቷል፤ ምን ላድርግ?» አላቸው። መሪጌታ ነገርን በቀጥታ መናገር ነውር የሚመስላቸው ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው «ብረትም እንደ ሰው የንስሐ አባት ይሻል» አሉትና ሄዱ። ባምላኩ ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ፣ ቡሬ ብየዳ ቤት ውሰደው ማለታቸው ነው ብሎ ደመደመ። መሪጌታ በርግጥ ምን ማለታቸው እንደነበር እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም።

አባቱን «ለድግሱ ይወልወል» ብሎ አስፈቅዶ ጠመንጃውን ከባሩድ መያዣው ቀንድ ጋር በጋቢ ጠቀለለና በሚኒባስ ቡሬ ገባ። ደረሰ የሚባል በር፣ መስኮትና የባጃጅ ጣሪያ የሚበይድ ሰው ነበር። ጋቢውን ገልጦ አየ። አልሳቀም፤ አልፈራም። ሽቦውን ፈታው፤ አፈሙዙን አቁሞ አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው በሦስት በኩል ወጣ።

«ይኸ አፈሙዝ አይደለም፣ የአትክልት ማጠጫ ነው» አለ ደረሰ። «በዚህ የተኮሰ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ፊት አለው?»

«ከሦስት እጅ ሁለቱ አለው።»

ደረሰ ራሱን ነቀነቀ። ባምላኩ በወፍራም የውሃ ቧንቧ እንዲቀይርለት ለመነው። ደረሰ ቧንቧውን አንሥቶ ከጎኑ ርዝመቱን ይዞ የሚወርደውን የብየዳ መስመር አሳየው። «ይኸ ስፌት ነው። ውሃ ቢገፋው ይችላል፤ ባሩድ ቢገፋው ይተረተራል። የሚተረተረው ደግሞ ጉንጭህ ላይ ነው» አለው። ከዚያ ከጓሮው ከወደቀ ዶዘር የወጣ ስፌት የሌለው ወፍራም ብረት አመጣ። ያን ከአሮጌው አፈሙዝ ውስጥ እንደ ገበር ከተተው። ሥራው ሳምንት ፈጀ። ሲያልቅ ጠመንጃው ከውጭ ያው የጥንቱ ሽማግሌ ነበር፤ ከውስጥ ጎረምሳ ሆኗል።

ባምላኩ ሊወስደው እጁን ሲዘረጋ ደረሰ አልለቀቀም። «ስማኝ ወንድሜ፤ ጥሩ ነው ብዬ ብምልልህ እንኳ አትመነኝ፤ ራሱ ይናገር። ከፊትህ በፊት ዛፍ ይሞክረው። ግንድ ላይ እሰረው፤ ከልማዱ እጥፍ አጉርሰው፤ ረጅም ገመድ ምላጩ ላይ ቋጥረህ ከኩይሳ ጀርባ ተኝተህ ሳበው። ከዚያ ውሃ አፍስስበት። ጠብ ካላለ ያንተ ነው። ስልክህን ደግሞ ዝጋ፤ ባሩድ አጠገብ ስልክ አልወድም።»

የተዝካሩ ዋዜማ ነበር። ባምላኩ ጅጋ ሳይደርስ ከሚኒባሱ ወረደና፣ ድምፁን ይውጥልኛል ብሎ፣ አንድ ወንዝ ዳር ካለ ጥልቅ ገደል ወረደ። ደረሰ ያለውን ሁሉ አደረገ። ስልኩን ዘጋ። ጠመንጃውን ባሕር ዛፍ ላይ አሰረ። ኩይሳው ጀርባ በሆዱ ተኝቶ፣ ሥላሴን ተማጽኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ገመዱን ሳበ።

ገደሉ ድምፁን አልዋጠውም። ተቀበለው፣ አገላበጠው፣ ጨምሮበት መለሰው። ዝንጀሮዎች ተንጫጩ፤ ከወንዙ ማዶ ሰው ጮኸ። ባምላኩ ራሱን ቀና አደረገ። ባሕር ዛፉ ቅርፊቱ ተልጧል፤ ጠመንጃው ግን ያው ነው። ወንዝ ወርዶ ውሃ አመጣና አፈሰሰበት። ጠብ የለም። ደገመው፤ ጠብ የለም።

አፈሙዙን ሳመው። ሁለቱን ቅንድቦቹን በሁለት እጁ ዳሰሰ። እስክስታ ወረደ። ያን ሁሉ ዓመት ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ተነሣና፣ ከደስታው የተነሣ በገደሉ መሃል ጮክ ብሎ «አሁን አባ በፈለጋቸው ቀን ይሙቱ!» አለ።

ወዲያው አፈረ። ቃሉ ግን ወጥቷል፤ ገደሉም ደግሞታል።

ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ ወደ ቤቱ አቀና። ዳገቱን እንደ ጨረሰ ጎረቤቱ ሰርካለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ስትሮጥ አገኛት። ጠመንጃውን አየች፣ እሱን አየች፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ወይኔ አባ ዘሩ! ወይኔ ደጉ ሰው! እንዲህ ያለ ልጅ ጥለው!»

ባምላኩ ከአንገቱ አላቀቃት። «መቼ… መቼ ሞቱ?»

«አሁን ነዋ! ተኩሱ ሲሰማ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ይገባው ነበር። ባምላኩም በሌላ ቀን ቢሆን ይገባው ነበር። ያን ጊዜ ግን ጆሮው ውስጥ የነበረው የተስፋው ቃል ነው፤ ከጮኸ ከቤታችን አንድ ሰው ይሄዳል። እኔ አስጮህኩት፤ እሳቸው ሄዱ። በዚያ ላይ ይሙቱ ብያለሁ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው!» ብሎ መንገዱ ላይ ተንበረከከ። ሰርካለም ኀዘን ነው የሚያናግረው ብላ አብራው አለቀሰች። ከየመንደሩ የሚጎርፈው ሕዝብ ደረሰባቸውና እሱም አለቀሰ።

እንግዲህ ባምላኩ ማልቀስ ለምን ያስፈልገዋል? አፈሙዙ ደህና ነው። ፊቱ ደህና ነው። ሲፈራ የኖረው ቀን መጥቷል፤ እሱም ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። ግን እንባው እንደ ምንጭ ይፈስሳል። ትዝ የሚለውም አፈሙዙ አይደለም። አባቱ በቆሎ በጠበሱ ቁጥር ከሁሉ ለስላሳውን እሸት ፈልፍለው፣ የአርባ አምስት ዓመት ሰው መሆኑን ረስተው፣ መዳፉ ላይ የሚያፈሱለት ነው ትዝ የሚለው። ያን ፍሬ ሁልጊዜ እየተነጫነጨ ነበር የሚበላው። ማን ሊፈለፍልለት ነው ከእንግዲህ? አባቱን ይወዳቸው ኖሯል። እንደ ሕፃን ይወዳቸው ኖሯል፤ ነገሩን የደበቀበት ያ የተረገመ ብረት ነው። ከመንገዱ ተነሣና ሰዉን ሁሉ ጥሎ ሮጠ።

ግቢው ሲደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተክለዋል። ሴቶች ሙሾ ያወርዳሉ። ከድንኳኑ መሃል፣ ለክብራቸው በተነጠፈው አጎዛ ላይ፣ ዘሩ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አልጣሽ!» ይላሉ ወደ አልቃሾቹ እየጠቆሙ፣ «ከልብሽ አይደለም። አጎትሽ ሲሞቱ እንዲህ ነበር ያለቀስሽው?»

አልጣሽ እንደ አዲስ ጀመረች። መጀመሪያ የመጡት ለቀስተኞች ሽማግሌውን በቁማቸው ሲያዩ ደንግጠው ሊመለሱ ነበር። ሽማግሌው ግን አልለቋቸውም። ለቅሶ ብለው የመጡበት ቤት ሳያለቅሱ መመለስ ነውር ነው፤ ደግሞም ተዝካሩ ቁም ከሆነ ለቅሶውስ ቁም ቢሆን ምን አለበት አሉ። አምለሰት ብቻ ራሷን ይዛ ትዞራለች፤ ለነገ የተጠመቀው ጠላ ገና ጉሽ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ መቃብር ቆፋሪዎቹ ምን እናድርግ ብለው ልከዋል። ዘሩ «ሰፋ አድርጉት፤ ወገቤን ያመኛል» ብለው መልሰውላቸዋል።

ባምላኩ ይህን ሲያይ ሕዝቡን ጥሶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሁለት እግራቸውን አቅፎ ተንሰቀሰቀ። አባቱ ራሱን ዳሰሱት።

«ተነሥ፤ አልሞትኩም። ማነው የተኮሰው?»

«እኔ ነኝ አባ። አፈሙዙ ደህና መሆኑን ልሞክር ብዬ።»

«አፈሙዙ ምን ነበረበት?» አለ ተስፋው ከኋላ፣ በንዴት እየጠቀሰ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለአንድ ሰው ሁለት ተኩስ እንደሌለ፣ ጥምቀትም እንደማይደገም፣ ለዘሩም እንደተተኮሰ ቁጠሩት አሉ። በሕይወታቸው ነገርን በቀጥታ የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። ዘሩ አሰቡበት፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እውነት ነው፤ ሰምቼዋለሁ። ሩቅ ነበር እንጂ ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ ስሞት በዝምታ ቅበሩኝ። አንተም ልጄ፣ ነፃ ነህ።»

ባምላኩ ያን ሁሉ ዓመት የለመነው ይህን ነበር። አምለሰት ከጓዳ በር ላይ ሆና እፎይ በል በሚል ዓይን አየችው። እሱ ግን ብድግ አለ።

«አይሆንም!»

ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«እኔ አልተኮስኩልዎትም! እኔ ኩይሳ ጀርባ ተኝቼ ገመድ ነው የሳብኩት። የተኮሰልዎት ባሕር ዛፍ ነው! ባሕር ዛፍ ነው የአንቱ በኩር? ለዚህ ነው የወለዱኝ? እተኩስልዎታለሁ። ዛሬም እተኩሳለሁ፤ ያን ክፉ ቀንም እተኩሳለሁ!»

አባቱ ቀና ብለው አዩት።

«ፊትህስ?» አሉት ቀስ ብለው።

ባምላኩ ደነገጠ። ሽማግሌው ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል። ማሩን ሲቀበሉ፣ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ፣ ጠበሉ ራሳቸው ላይ ሲወርድ፣ ሁሉን እያወቁ፣ እንዳያፍር ብለው እሳቸው ይንከባከቡት ነበር።

«ፊቴ ይሂድ!» አለ ባምላኩ። «ፊቴ ገደል ይግባ! አባቴን ነው የምፈልገው።»

ዘሩ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «እንግዲያው ተኩስ፤ እያየሁህ» አሉ።

ሕዝቡ ባንዴ ከግቢው ወጣ። አጥሩን አልፎ፣ መንገዱን አልፎ፣ የሰርካለምን ጎመን ረግጦ ቆመ። ስለ አፈሙዙ ሲምል የኖረው ተስፋው ከሁሉ ርቆ ነበር። ባምላኩ ብቻውን መሃል ላይ ባሩዱን አጎረሰ፣ እርሳሱን ጨመረ፣ በዘንጉ ጠቀጠቀ። ሰደፉን ትከሻው ላይ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አደረገ። ዓይኑን ሳይጨፍን ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ጭሱ ግቢውን ሸፈነው። ሲገለጥ ሰው ሁሉ እየሮጠ መጥቶ የባምላኩን ቅንድብ፣ የባምላኩን ጆሮ ይዳስስ ጀመር። ሁሉም በቦታው ነበር። እሱ እየገፋቸው አባቱን ይፈልጋል። ከመሪጌታ ክንፈሚካኤል ጀርባ፣ ከተዘረጋው ጃንጥላቸው ሥር ጎንበስ ብለው አገኛቸው። ዓይናቸውን አጥብቀው ጨፍነዋል፤ ሁለት ጣቶቻቸውም ሁለቱ ጆሮዎቻቸው ውስጥ ናቸው።

ባምላኩ እጃቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ከጆሯቸው አወረደው።

«አባ፣ ሰሙት?»

ዘሩ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። ልጃቸውን አዩት፤ ሙሉ ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

«አልሰማሁም» አሉ። «ድገመው።»

ባምላኩ እንባውን በጋቢው ጠረገና የባሩዱን ቀንድ አነሣ።